ደጋው የወሰደው ጉልበት

ከወረታ ተነስቶ በዓለም በር፣ በደብረ ታቦርና በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ነፋስ መውጫ የሚወጣው መንገድ የመኪናን ሞተር ቀስ በቀስ ያፍነዋል። ወረታ 1,830 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ትደርሳለች፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ ከ3,100 ሜትር ትበልጣለች። ከመንገዱ በላይ ቆሞ የሚታየው የጉና ተራራ ራስማ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ 1 ባር ያህል ሲሆን ወረታ ላይ 0.81፣ ደብረ ታቦር ላይ 0.73፣ ነፋስ መውጫ ላይ 0.69 ባር ገደማ ነው። እንግዲህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ የወረደች መኪና ጋይንት ስትደርስ ከምትስበው አየር ሲሦ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጎድሎባታል። ነዳጅ የሚነደው በተገኘው አየር ልክ ስለሆነ ጉልበቷም አብሮ ይጎድላል። መንገዱ ደግሞ ለደካማ የሚራራ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ተነስተው በዚሁ ደጋ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ፈጅቶባቸዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ በቻይናውያን እርዳታ የተሠራው የወረታ ወልድያ መንገድ ጉዞውን ወደ ሰዓታት ቢያወርደውም ዳገቱን አላነሳውም።

እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ባለመኪና በስልኩ ላይ ቱርቦ ስለመግጠም የሚያሳይ ቪዲዮ ሲያገኝ ልቡ ቢነሳሳ አይፈረድበትም። የዕቃው አሠራርም ያማልላል፤ በአንድ ዘንግ የተያያዙ ሁለት ትንንሽ ማራገቢያዎች ናቸው፤ አንደኛውን ከሞተር የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ሌላኛው ንጹሕ አየር ስቦ ይጨምቅና ወደ ሞተሩ ይገፋዋል። በማርሚታ በኩል በከንቱ የሚወጣው ጭስ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በቪዲዮው ላይ ቱርቦ የሚገጠመው ግን ለፍጥነት ነው፤ ሜዳ ላይ፣ ዝቅተኛ አገር፣ በሰፊ መንገድ። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምከራከረው ለሌላ ዓይነት ቱርቦ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የቱርቦ ትክክለኛ ልኩ ከፍታው የወሰደውን መመለስ ነው፤ ከዚያ አንዲት ነጥብ ማለፍ የለበትም። በዚህ ልክ ከተወሰነ ደግሞ ለጥቂት ዓይነት መኪናዎች በእርግጥ ይጠቅማል፤ ለብዙዎቹ የቤት አውቶሞቢሎች ግን በፍጹም አይመከርም።

ይህ ልክ ከእኔ የመጣ አይደለም፤ ቱርቦ ስሙ የተነሳው የከፍታ መድኃኒት ሆኖ ነው። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 አስመዘገበ። ነገሩ በተግባር የተፈለገው ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላኖች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ሞተራቸው እየደከመ ሲያስቸግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና አስጭኖ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ አወጣው፤ ከፍታው 4,300 ሜትር፣ ከጉና እምብዛም የማይበልጥ። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር እላይ ሲነሳ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦው ሲሠራለት 356 ደረሰ። ቁጥሩን አስተውሉት፤ 500 አይደለም፣ 450ም አይደለም። ታች የነበረው ጉልበት ላይ ተመለሰ፤ ሙከራውም ተሳካ ተባለ።

ይህንኑ ስሌት ወደ ነፋስ መውጫ እናምጣው። 0.69 የሆነውን ግፊት ወደ 1 ባር ለማድረስ ቱርቦው 0.3 ባር ቢጨምር ይበቃል። ይህ ግፊት ለሞተሩ እንግዳ ጭነት አይሆንበትም፤ ፋብሪካው ሲሠራው ያሰበለት ነው። ነገር ግን በግፊት የተመለሰው ሁሉ በአየር ብዛት አይመለስም። አየር ሲጨመቅ ይሞቃልና 15 ዲግሪ ሆኖ የገባው አየር በመካከለኛ ቱርቦ በዚህ መጠን ሲጨመቅ 65 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ይወጣል። የሞቀ አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ በ45 በመቶ ቢያድግም ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር የሚጨምረው በሩብ ያህል ብቻ ይሆናል። የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ከቱርቦው ጋር ካልተገጠመ በቀር ነፋስ መውጫ ላይ ያለችው መኪና የጅቡቲን ጉልበት አታገኝም፤ የወረታን ታገኛለች፣ ምናልባትም ትንሽ አለፍ ያለ። ይህ ለብዙ ሰው ያነሰ ይመስለዋል። በኔ ግምት ግን ወረታ ላይ ደህና የምትሄድ መኪና ነፋስ መውጫ ላይም እንደዚያው ከሄደች ባለቤቷ የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ኢንተርኩለሩ፣ ቱቦው፣ ራዲያተሩ ፊት የሚወስደው ቦታ ሁሉ ይቀርለታል።

የትኛዋ መኪና ናት ይህ የሚገባት? መልሱ ከማርሚታው ይጀምራል። ከደብረ ታቦር በላይ ዳገት የምትወጣ የድሮ ናፍጣ መኪና የምታወጣውን ጥቁር ጭስ ያላየ የለም። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ ናፍጣ ሞተር የሚረጨው ነዳጅ በሜዳ የተለካ ነው፤ አንዳንዱ ፓምፕ ከፍታን የሚያይ ማስተካከያ ቢኖረውም ብዙው የለውም፣ ያለውም ቢሆን በእድሜ ብዛት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ አይቀንስም፤ የተረፈው ሳይነድ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፤ የሚነደውም ዘግይቶ ስለሚነድ ጭሱ ከልክ በላይ ይግላል። ለዚህ ሞተር 0.3 ባር አየር መጨመር ማለት ዛሬ በየዳገቱ የሚበተነውን፣ ዋጋውም የተከፈለበትን ናፍጣ ማንደድ ነው። ከላንድክሩዘር ሃርድቶፖች የብዙዎቹ ልብ የሆነው 1ኤችዜድ ሞተር፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ አልባ፣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። በዶልፊን ሚኒባስ ውስጥ ያለው 2.8 ሊትሩ 3ኤልም እንደዚያው ነው። እነዚህ ሞተሮች ኮምፒዩተር የላቸውም፤ የሚታለልም ሆነ የሚቆጣ ሴንሰር የለም።

የቤንዚን አውቶሞቢል ጉዳይ ሌላ ነው። ቪትዝም ሆነ ኮሮላ ቱርቦ አልባ ሆና ስትሠራ የሲሊንደሯ የመጨመቂያ ልክ 10 ለ 1 ገደማ ወይም ከዚያ ከፍ ያለ ነው። እዚያ ላይ በቱርቦ የጋለ አየር ሲጨመርበት ቤንዚኑ የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ከውጭ ሞተሩ ሲያንኳኳ ይሰማል፣ ከውስጥ ፒስተን ይሰነጠቃል። እውነት ነው፣ ከፍታው ራሱ ይህን አደጋ ይቀንሳል፤ ነፋስ መውጫ ላይ የተገጠመ 0.3 ባር ብቻውን ሞተር አያነኳኳም ብሎ የሚከራከር ሰው በስሌት አልተሳሳተም። ግን መኪናዋ ወደ ባሕር ዳር መውረዷ፣ ከዚያም አልፋ መሄዷ አይቀርም። ኮምፒዩተሯም ከአየር ግፊት በላይ የሆነ ነገር አይቶ አያውቅም፤ ነዳጅ በልኩ ሊጨምር አይችልም፤ ኖዝሎቿም ጠባብ ናቸው። ማደያችንም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቤንዚን እንጂ ምርጫ የለውም። ትልልቅ ፋብሪካዎች እንኳ በዚህ ተፈትነዋል። ከመጀመሪያዎቹ ባለቱርቦ የቤት አውቶሞቢሎች አንዷ የሆነችው የ1962ቱ (እ.ኤ.አ.) ኦልድስሞቢል ጄትፋየር የመጨመቂያ ልኳ 10.25 ለ 1 ነበር፤ እንዳታንኳኳ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ከተለየ ጋን ይረጭላት ነበር። ባለቤቶቹ ጋኑን መሙላት እየረሱ ብዙዎቹ መኪናዎች ቱርቦው ተነቅሎላቸው ወደ ተራ ካርቡሬተር ተመለሱ። መሐንዲሱ ሳይሆን የዕለት ተዕለት ልማድ ነው ያሸነፋቸው፤ በቤት ውስጥ ለሚገጠም ቱርቦም ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አላውቅም።

የናፍጣውም ቢሆን አንድ ወጥመድ አለበት፤ ወጥመዱም ከመልክዓ ምድራችን ጋር የተያያዘ ነው። ላይ ጋይንት ደጋ ነው ስንል ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎ ሸለቆ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ እየወረዱ ቆላ ይሆናሉ፤ አንድ ሃርድቶፕ በአንድ ቀን ከጉና ግርጌ ተነስታ ሙቀት አገር ልታድር ትችላለች። ቱርቦው ላይ ያለችው ትንሽ የጭስ በር፣ ግፊቱ ከተወሰነላት ሲያልፍ ጭሱን በሌላ በኩል የምታሾልከው፣ የምትለካው በዙሪያዋ ካለው አየር በላይ የተጨመረውን ብቻ ነው። 0.3 ብላ ከተሞላች ነፋስ መውጫ ላይ ሞተሩ 1 ባር ያገኛል፤ ወረታ ላይ 1.1፤ ጅቡቲ ላይ 1.3። ይህን ጤነኛ ሞተር ይሸከመዋል። ለ1ኤችዜድ የሚሆን ቱርቦ በብዛት የሚገጠምባት አገር አውስትራሊያ ግን በአብዛኛው ዝቅተኛ አገር ናት፤ ከዚያ የሚመጣው ዕቃ 0.5 ባር አካባቢ ሆኖ ይሞላል። ያው ዕቃ እዚህ 0.5ቱን ለማድረስ ከሳሳ አየር መነሳት ስላለበት ዘንጉ ከታሰበለት በላይ ይሽከረከራል፤ በተፈጥሮው በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚዞር ነገር ነውና ትርፍ ፍጥነት አይወድም። መኪናዋ ቆላ ስትወርድ ደግሞ ሸክሙ ከቱርቦው ወደ ፒስተኑ ይዛወራል።

ከጭስ በሯ ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን የናፍጣ ፓምፑ ብሎን ነው። ቱርቦ ተገጥሞ ጭሱ ሲጠፋ፣ መካኒኩም ባለቤቱም «አየር ተርፏል፣ ነዳጅ እንጨምርለት» ወደሚል ፈተና ይገባሉ። ብሎኑ ሩብ ዙር ይዞራል፤ መኪናዋ ትነቃለች፤ ደስታ ይሆናል። ጭሱ ከቱርቦው በፊት ሲለካ 700 ዲግሪ ገደማ መድረሱን የሚያይ ግን የለም፤ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው። በፋብሪካ ቱርቦ ይዘው የሚወጡ ናፍጣ ሞተሮች ከፒስተኑ ሥር ዘይት የሚረጭላቸው፣ ፒስተናቸውም ለዚያ ተብሎ የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ይህም ተደርጎ የቶዮታው 2ኤል-ቲ በተሰነጠቀ ቴስታታ ስሙ ይነሳል። ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው፤ ብሎኑ አይነካም። አየሩን ብቻ እየመለስን ነዳጁን ካልጨመርን የጭሱ ሙቀት ደጋ ላይ እንዲያውም ይቀንሳል፤ ነዳጁን በጨመርን ቅጽበት ግን ስንከራከርለት የነበረው ነገር ሌላ ነገር ሆኗል።

ራስ ይገጥመዋል ወይ ለሚለው፣ ከሥራው ገሚሱ ትዕግሥትና ቁልፍ ያለው ሰው የሚሠራው ነው፤ ገሚሱ አይደለም። የጭስ ማኒፎልዱን ማውረድ፣ ጓርኒሲዮን መቀየር፣ የአየር ቱቦ መዘርጋት፣ ለዘይት መስመር ከዘይት ግፊት መለኪያው ቀዳዳ ላይ ማጋራት ይቻላል። ማኒፎልድ በቀጭን ቱቦ ብየዳ መሥራት ግን ገንዘብ ማቃጠል ነው፤ እየጋለና እየቀዘቀዘ ከመበየጃው ይሰነጠቃል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከባለቱርቦ ሞተር የወረደ የብረት ማኒፎልድ ፈልጎ በቶርኖ ቤት ማስገጠም፣ ካልተገኘም በወፍራም ቱቦ ልምድ ባለው በያጅ ማሠራት ይሻላል። ሰው የሚንቀው፣ ቱርቦ ሁሉ የሚሞትበት ቦታ ደግሞ የዘይት መመለሻው ነው። ዘይት ወደ ቱርቦው በግፊት ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። ቱቦው ወፍራም፣ ሽቅብ የሌለው፣ ከሞተሩ ግርጌ ባለው የዘይት ቋት ውስጥም ከዘይቱ ከፍታ በላይ የሚገባ መሆን አለበት። ቋቱ ሳይወርድ እዚያው ከተበሳ የብረት ፍቅፋቂው ከዘይቱ ጋር እየዞረ ኩሽኔታዎቹን ይበላል፤ እንዲህ ዓይነቱን ስንፍና የትኛውም ዘይት አይክሰውም። የአየር ፊልትሮውም ነገር እንደዚሁ ነው፤ በጠጠር መንገድ አቧራ ውስጥ ተሰንጥቆ የቀረ አንድ የጎማ ቱቦ የማራገቢያውን ጥርስ በጥቂት ወራት ሊልጠው ይችላል።

ከመግጠም በፊት ሞተሩ መመዘን አለበት። ፋሻው ያለቀ ሞተር፣ ዘይት የሚጠጣ፣ የሲሊንደሮቹ ግፊት እኩል ያልሆነ፣ ቱርቦ ሲጨመርበት ሞቱ ይፋጠናል። ራዲያተሩም መታየት አለበት፤ ነፋስ መውጫ ላይ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ክዳኑ ግፊት የማይይዝ ራዲያተር ላለው መኪና ቱርቦ ማሰብ አይገባም። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ በሐቅ ያጣራ ሰው ብዙ ጊዜ ቱርቦውን ሳይገዛ የጎደለውን ያገኘዋል፤ የታፈነ ፊልትሮ፣ የተበላሸ ኖዝል፣ ሳይለቅ የሚጎተት ፍሬን ከ0.3 ባር የማይተናነስ ጉልበት ይበላሉና።

የሚነሱት ተቃውሞዎች ቀላል አይደሉም። አንዱ ማርሽ ነው፤ ሜዳ ላይ የከፍታ ጉዳት አይሰማም፣ ሾፌሩ ትንሽ አጥብቆ ይረግጣል ያበቃል፤ ችግሩ ዳገት ላይ ነው፣ እዚያ ደግሞ ከባድ ማርሽ አለ። ለግል ጉዳዩ በወር ሁለቴ ደብረ ታቦር ለሚወጣ ሰው ይህ ሙሉ መልስ ነው፤ ቱርቦ አያስፈልገውም። በየቀኑ ሰው ወይም ሸክም ጭኖ በጨጨሆ አፋፍ ለሚመላለስ ግን በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ኪሎ ሜትሮችን የሚገፋ ሞተር የራሱ ዋጋ አለው፤ ሌላው መኪናም ከኋላው ይሰለፋል። ሁለተኛው፣ በፋብሪካ ቱርቦ ያለው ሞተር ገዝቶ መቀየር አይሻልም ወይ የሚለው ነው። ገንዘቡ ካለ ይሻላል። ብዙውን ጊዜ ግን የለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር የግል አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ሞተር ገና ብዙ ዓመት ይነዳል ማለት ነው፤ ይህ ጥያቄ አሁን የመጣውም ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከዚሁ የሚወለድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ጉናም ሆነ ጅቡቲ ለእሱ አንድ ነው። እዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም፤ ለደጋ ከዚህ የተሻለ ሞተር አልተሠራም፣ ቁልቁለቱንም ሲወርድ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። በወገዳ፣ በአርብ ገበያና በመካነ ኢየሱስ አስተማማኝ መብራትና ባትሪ የሚጠግን ባለሙያ በተገኘ ጊዜ ይህ ጽሑፍ ያረጃል። አራተኛው የደኅንነት ነገር ነው። ቱርቦ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አይረዳም፤ ፍሬን አይጨምርም፣ ጎማ አያሳድስም። ዳገት ላይ ያገኘውን ትርፍ ጉልበት በመታጠፊያ ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም የሚያውለው ሾፌር ጉዳዩ ከሞተር ምህንድስና ውጭ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው መኪና ላይ ቱርቦ እንዲገጠም አልደግፍም። ለዓመታዊ ምርመራና ለቦሎ ደግሞ ከሥራው በፊት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ቢጠየቅ ኋላ ከሚመጣ ጣጣ ያድናል። ነዳጅ ይቆጥባል ለሚሉትም፣ በጭስ የሚባክነውን ያህል ይቆጥባል፤ ጉልበቱን በፍጥነት ላዋለው ግን ምንም አይተርፈውም።

ከተገጠመ በኋላ የሚቀረው መለካት ነው፤ ቱርቦ ያለ ሁለት መለኪያ፣ የግፊትና የጭስ ሙቀት፣ ባይገጠም ይመረጣል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ከመገጠሙ በፊትና በኋላ በእኩል ሸክም፣ በአንድ ማርሽ፣ ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የተወጣው ዳገት ይነጻጸራል። ግፊቱ ከ0.3 ካለፈ በሯ ትስተካከላለች፤ ሙቀቱ በረጅሙ ዳገት ላይ ወደ 700 ከተጠጋ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ እግሩን ያላላል፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ወደዚያ ዳገት አይመለስም። ነፋስ መውጫ ሲደረስ ደግሞ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፤ ዘይቱ በጋለው ዘንግ ላይ ቆሞ እንዳይከስል አንድ ሁለት ደቂቃ ባዶውን ይሠራል። ዘይቱም ከቀድሞው በግማሽ ባጠረ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። እነዚህን በየዕለቱ የማያደርግ ባለቤት ሃርድቶፑን እንዳለች ቢተዋት ከጉናም ከጨጨሆም በላይ ታደርሰዋለች፤ ቀስ ብላ፣ በጥቁር ጭሷ።